ከብረቱ በፊት ዘንጉ

በጀርመን አገር፣ በታችኛው ሳክሶኒ ግዛት፣ ሾኒንገን በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ የድንጋይ ከሰል የሚዛቅበት ሰፊ ጉድጓድ ነበር። ግዙፍ ማሽኖች መሬቱን እየገመሱ ሲጠጉ፣ አርኪዮሎጂስቱ ሃርትሙት ቲመና ባልደረቦቹ ቀድመዋቸው ይቆፍሩ ነበር። ከ1994 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ከአንድ ጥንታዊ ሐይቅ ዳር ጭቃ ውስጥ የእንጨት ጦሮች አወጡ። በዙሪያቸው የታደኑና የተበለቱ ፈረሶች አጥንት ተበትኖ ነበር። እንጨት በመሬት ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል። እነዚህ ግን አየር በማይደርስበት እርጥብ ደለል ታሽገው ስለኖሩ ከነቅርጻቸው፣ የጠረባቸው ድንጋይ ከተወባቸው ምልክት ጋር ደረሱን። ዕድሜያቸው ለረጅም ጊዜ 300,000 ዓመት ገደማ ሲባል ቆይቷል፤ በ2025 የወጣ ጥናት ወደ 200,000 አውርዶታል። ከሁለቱ የትኛውም ቢጸና፣ በዓለም ላይ ሙሉ ሆነው ከተገኙ የአደን መሣሪያዎች ቀዳሚዎቹ ናቸው። የሠሯቸውም ኒያንደርታሎች ወይም የኒያንደርታሎች ቅድመ አያቶች እንደሆኑ ይታመናል።

እነዚህ ጦሮች ብረት የላቸውም። በጫፋቸው የታሰረ ድንጋይም የላቸውም። ከጫፍ እስከ ጫፍ እንጨት ናቸው። ስለ ጦር አሠራር ላነሣ ከነሱ የምጀምረውም ለዚህ ነው፤ ስለቱ ዓይናችንን ሳይሻማው ዘንጉን ብቻ ለማየት የሚያስችሉን እነሱ ናቸውና።

የመጀመሪያው ጥበብ ዛፉን መምረጥ ነበር። ከአንዱ በስተቀር ጦሮቹ የተሠሩት ስፕሩስ ከተባለ የጥድ ወገን ነው፤ አንዱ ብቻ ከፓይን ነው። ግንዶቹ ወጣትና ቀጭን ይመስላሉ። ሲቆጠሩ ግን የዕድገት ቀለበቶቻቸው እጅግ የተጠጋጉ ናቸው። ዛፉ በብርድ አገር ቀስ እያለ፣ በየዓመቱ ፀጉር የምታህል ውፍረት እየጨመረ አድጓል ማለት ነው። እንዲህ ያለ እንጨት በምቾት ፈጥኖ ካደገው ይልቅ ጥቅጥቅ ያለና ጠንካራ ነው። ተመራማሪዎች እንደሚሉት ዛፎቹ ከዚያው ከሐይቁ ዳር የበቀሉ አይመስሉም። አዳኙ የፈለገውን ዓይነት እንጨት ወደሚያገኝበት ስፍራ ሄዶ፣ ቆርጦ፣ ተሸክሞ ተመልሷል።

ሁለተኛው ጥበብ የግንዱ አቅጣጫ ነው። የጦሩ ጫፍ የወጣው ከግንዱ ሥር በኩል ነው፤ የዛፉ አናት የጦሩ ጭራ ሆኗል። ዛፍ ከሥሩ ወፍራምና ጠንካራ፣ ወደ ላይ ሲሄድ እየቀጠነና እየለሰለሰ የሚሄድ ስለሆነ፣ እንዲህ ሲገለበጥ ጥንካሬውም ክብደቱም ከፊት ይሆናል። የጦሩ ወፍራም ክፍል ወደ ፊተኛው ሲሶ ስለሚያደላ ሲወረወር አፍንጫውን አስቀድሞ ይበርራል። የዛሬው የስፖርት ጦር የተሠራበት ሐሳብ ይኸው ነው።

ሦስተኛውን ባየሁ ቁጥር እደነቃለሁ። በማንኛውም ግንድ መሃል ለስላሳ እምብርት አለ። ጀማሪ ጠራቢ ዙሪያውን እኩል እያነሣ ቢያሾለው የጦሩ ጫፍ በዚያው በለስላሳው እምብርት ላይ ያርፋል፤ ጫፉም በመጀመሪያው ግጭት ይደቅቃል። የሾኒንገን ሠሪዎች ይህን ያውቁ ነበር። ከአንዱ ጎን አብዝተው፣ ከሌላው አሳንሰው በመጥረብ ጫፉን ከመሃሉ ትንሽ ወደ ጎን አዛወሩት። ለስላሳው እምብርት ከሾሉ በታች በጎን በኩል ወጣ፤ ሾሉ ራሱ ጠንካራ እንጨት ብቻ ሆነ። ይህን ያደረገ እጅ ብዙ ጦር ሲሰበር አይቶ፣ ለምን እንደተሰበረ አስቦ፣ ያሰበውንም ለሌላ ሰው አስተምሯል። ትምህርት ቤት ማለት ይህ ካልሆነ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ ተልጧል። ቅርንጫፎቹ ከግንዱ እኩል ተቆርጠው ጉጦቹ ተፍቀው ለስልሰዋል፤ መዳፍ ላይ ሲንሸራተት የሚይዝ ነገር እንዳይኖር። ርዝመታቸው ከ1.84 እስከ 2.53 ሜትር ይደርሳል። ይህ ሁሉ በድንጋይ ስለት የተሠራ ነው። በ2024 የታተመ ሰፊ ጥናት ደግሞ የተሰበሩ ጦሮች እንዳልተጣሉ አሳየ፤ ጫፋቸው እንደገና ተሾሏል፣ ስባሪያቸውም ለሌላ ሥራ ውሏል። ጥሩ እንጨት ጥሩ እንጨት መሆኑ ይታወቅ ነበር።

ይህ ግኝት ከመምጣቱ በፊት አንዳንድ ሊቃውንት የዚያ ዘመን ሰዎች ትልቅ እንስሳ አቅደው ማደን ይችሉ ነበር ብለው አያምኑም ነበር። በ1911 በእንግሊዝ አገር ክላክተን በሚባል ስፍራ 400,000 ዓመት ገደማ የሚሆነው የእንጨት ጦር ጫፍ ተገኝቶ ነበር። በርዝመት ከአንድ ክንድ የሚያንስ ስባሪ ስለሆነ ብዙ ተከራከሩበት፤ በበረዶ ውስጥ የተቀበረ ጥንብ ለመፈለግ የሚወጋ በትር ይሆናል ያለም ነበር። የሾኒንገን ጦሮች ለዚህ ሁሉ መልስ ሆኑ። በ2019 አነሚክ ሚልክስ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ባደረገችው ሙከራ፣ የሠለጠኑ ጦር ወርዋሪ ስፖርተኞች በአምሳያዎቹ እስከ 20 ሜትር ድረስ ያለ ዒላማ መቱ። ከአምሳያዎቹ አንዱ 800 ግራም ይመዝን ነበር፤ ዛሬ በወንዶች ውድድር የሚወረወረው ጦር የተወሰነለት ክብደት ይኸው ነው።

በኛም አገር ከዝዋይ ሐይቅ በስተምዕራብ ባለው የጋደሞታ ተረተር ላይ የጦር ታሪክ ሌላ ምዕራፍ ተገልጧል። እዚያ ዘንጉ በስብሶ ጠፍቷል፤ የቀረው ጫፉ ነው። ጫፉ ባልጩት ነው፤ እሳተ ገሞራ የወለደው ጥቁር መስተዋት። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዮናታን ሣህሌና ባልደረቦቹ በ2013 ባወጡት ጥናት፣ ከእነዚህ ጫፎች ጥንታዊዎቹ ከ279,000 ዓመት በላይ እንደሆናቸውና የተወረወረ ጦር ጫፍ እንደነበሩ ተከራክረዋል። ማስረጃቸው በባልጩቱ ገጽ ላይ የቀሩ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ስንጥቆች ናቸው፤ የስንጥቁ ቅርጽ መስተዋቱ ሲሰነጠቅ የነበረውን ፍጥነት ይናገራል። ጫፉ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ የሚያስር፣ የሚያጣብቅ አለ ማለት ነው። እዚህ ላይ የጦር ሥራ ትልቁ ጥያቄ ይመጣል፤ ሁለት ጠባያቸው የተለያየ ነገሮች፣ አንዱ የሚርገበገብ አንዱ የማይታጠፍ፣ እንዴት አንድ አካል ይሆናሉ?

የብረት ዘመን ሰዎች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ብዙ ነው። በደጋው ኢትዮጵያ የኖረው መልስ ግን ከልብ ይገባኛል። ባለ እጁ ስለቱን በቅጠል አምሳል ቀጥቅጦ፣ መሃል ለመሃል ጉልህ አከርካሪ ያበጅለታል፤ ብረቱ ሳይከብድ እንዳይታጠፍ የሚያደርገው ያ አከርካሪ ነው። የብረቱን ታችኛ ጫፍ ደግሞ እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ያሳሳዋል፤ ከዚያ በጉጠት እየያዘ፣ ወናፉ በሚያናፋው ከሰል እያጋለ፣ በመዶሻ እያጠቀለለ ዘንጉን የሚጎርስ ጉሮሮ ያደርገዋል። አሮጌ ጦር አግኝታችሁ ጉሮሮውን ብታዩ ሁለቱ ከንፈሮች የተገናኙበት ስፌት ይታያል፤ በብዙዎቹ ላይ ስፌቱ እስከ መጨረሻው አልተዘጋም። ጉድለት የሚመስለው ያ ክፍተት ጥበብ ነው። ሶማያው፣ ማለትም ዘንጉ፣ ተስሎ በኃይል ሲገባበት ጉሮሮው ጥቂት ይከፈትና መልሶ ይጨብጠዋል። እንጨቱ በበጋ ሲኮማተር፣ በክረምት ሲያብጥም ብረቱ አብሮት ይተነፍሳል።

በሶማያው ታችኛ ጫፍ ላይ ብዙ ጊዜ ብረት ይደረጋል። ለመሬት መትከያ የሚሆን ሹል ነው፤ ነገር ግን ዋናው ሥራው ሚዛን ነው። የፊቱን ክብደት የኋላው ይመልስለታል፤ ጦሩን በመሃሉ የያዘ እጅ ሳይደክም ከፍ ዝቅ ሊያደርገው፣ ሊሰብቀው ይችላል። ሲሰበቅ ዘንጉ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ያየ ሰው ክብደቱ የት እንዳለ በዓይኑ ያውቃል። ፈረሰኛው ብዙ ጊዜ ሁለት ጦር ይይዝ ነበር፤ አንዱን ይወረውራል፣ አንዱን በእጁ ያስቀራል።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ይህን ብረት የቀጠቀጡ ሰዎች በቀጠቀጡበት አገር ተንቀው ኖሩ። በጎንደር አካባቢ ብረት ሥራና ሸክላ ሥራ በአብዛኛው የቤተ እስራኤል እጅ ነበር። ጦሩን የያዘው ጌታ ሲወደስ፣ ጦሩን የሠራው ቡዳ ተባለ። ዐጼ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ነውሩ ምን ያህል እንደተስፋፋ ስላዩ ነው። የእነዚያ አንጥረኞች የልጅ ልጆች ዛሬ ብዙዎቹ በእስራኤል ይኖራሉ። በየቤተ መዘክሩና በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ጦር ሥር የሠሪው ስም የለም። የባለቤቱ ግን ብዙ ጊዜ አለ።

በጃፓን ነገሩ ሌላ ነው። የጦሩ ብረት ጉሮሮ የለውም፤ እንደ ሰይፍ ረጅም ጭራ አለው፤ ጭራው ወደ ዘንጉ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። በዚያ ጭራ ላይ፣ ተገጥሞ ሳለ ማንም በማያየው ቦታ፣ አንጥረኛው ስሙን ይቀርጻል። ከሦስቱ የጃፓን ታላላቅ ጦሮች አንዱ የሆነውን ቶንቦጊሪን የሠራው ፉጂዋራ ማሳዛኔ እንደሆነ የምናውቀው በዚህ ምክንያት ነው። ጦሩ የሳሙራዩ የሆንዳ ታዳካትሱ ነበር። በአፈ ታሪክ ከውኃ ዳር የምትበር ባለ አራት ክንፍ ነፍሳት ስለቱ ላይ ብታርፍ ለሁለት ተከፈለች፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያ ነው ይባላል። ስለቱ 44 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የቀርከሃ ቅጠል ይመስላል፤ በመሃሉ ባለው ቦይ ውስጥ የሳንስክሪት ፊደላት ተቀርጸውበታል። በዘንጉ ውስጥ የሚደበቀው ጭራው ከሚታየው ስለት ይረዝማል። ከውጭ የሚታየው ከሥራው ግማሽ አይሞላም። ከሦስቱ ሌላው ኦቴጊኔ በ1945 በቶክዮ የአየር ድብደባ ተቃጠለ፤ ሦስተኛው ኒሆንጎ በፉኩኦካ ከተማ ሙዚየም ይገኛል።

ሮማውያን ደግሞ መጋጠሚያው እንዲሰበር አድርገው ሠሩት። ፕሉታርክ እንደጻፈው ጄኔራሉ ማሪዩስ ብረቱን ከእንጨቱ ጋር ከሚያያዙት ሁለት የብረት ችንካሮች አንዱን አስወጥቶ በምትኩ ደካማ የእንጨት ችንካር አደረገ። ጦሩ የጠላት ጋሻ ላይ ሲሰካ የእንጨቱ ችንካር ይሰበራል፤ ዘንጉ በሌላው ችንካር ላይ ተንጠልጥሎ ይጎተታል፤ ጋሻውን ያከብደዋል። ጠላትም መልሶ ሊወረውረው አይችልም።

የጥንት ተረት ተራኪዎች የጦርን ሥራ ያውቁ ነበር ብዬ አምናለሁ። የግሪኩ ጀግና የአኪሌስ ጦር ከፔሊዮን ተራራ ከተቆረጠ አሽ ከሚባል ዛፍ የተሠራ ነው። ዘንጉን የቆረጠው ግማሽ ሰው ግማሽ ፈረስ የሆነው ኬሮን ነው፤ ያለሰለሰችው አቴና፣ ብረቱን የገጠመው አንጥረኛው አምላክ ሄፌስተስ እንደሆኑ የግሪክ ተረት ይናገራል። ለአንድ ጦር ሦስት ሠሪ፤ ቆራጭ፣ አለስላሽ፣ ገጣሚ። ይህ ሥራውን በቅርብ ያየ ሰው ክፍፍል ነው። ጓደኛው ፓትሮክሎስ የአኪሌስን የጦር ልብስ ለብሶ ሲወጣ ጦሩን ብቻ ትቶ የወጣው ክብደቱንና ሚዛኑን ስላልቻለው ነው። ልብስ በውሰት ይለበሳል፤ ለሌላ ሰው ክንድ የተመጠነ ዘንግ ግን እሺ አይልም። ሆሜር ስለ ሄክቶር ጦር ሲናገርም ርዝመቱን አሥራ አንድ ክንድ ብሎ ከሰጠ በኋላ፣ በስለቱ ሥር የሚዞረውን የወርቅ ቀለበት አይዘነጋም። ቀለበቱ ያለበት ቦታ እንጨትና ብረት የሚገናኙበት ነው።

የዛሬው የፋንታሲ ልብ ወለድ በአብዛኛው ይህን ዓይን አጥቷል። ሰይፉ ስም፣ የትውልድ ሐረግና ትንቢት አለው፤ ጦሩ በስም የለሽ ወታደሮች እጅ እንደ ደን ይቆማል። ደራሲው ቶልኪን እንኳ፣ የጥንት እንግሊዝኛ መምህር ሆኖ ሳለ፣ በዚህ ረገድ ለሁለት ተከፍሏል። የንጉሡ የጊል ጋላድ ጦር አይግሎስ የሚል የከበረ ስም አለው፤ በምን እንጨት እንደተሠራ ግን አንሰማም። ተሰብሮ እንደገና የተቀጠቀጠው የንጉሣዊው ዘር ሰይፍ በስለቱ ላይ የተቀረጹት ከዋክብት ሳይቀሩ ተነግረውለታል። ስማቸው ያልተጠራው የሮሃን ፈረሰኞች ግን ጦራቸው ከአሽ ዛፍ መሆኑ ተጽፎላቸዋል። ለኔ ከአይግሎስ ይልቅ በእጄ የምይዘው የሚመስለኝ የእነዚያ ፈረሰኞች ጦር ነው።

ጆርጅ ማርቲን በ2000 ባሳተመው “የሰይፎች ማዕበል” በተባለ ልብ ወለድ ውስጥ ልዑል ኦበሪን ከአንድ ግዙፍ ባላባት ጋር በጦር ይገጥማል። ደራሲው እንጨቱን፣ ርዝመቱን፣ የስለቱን የቅጠል ቅርጽ ሳይቀር ነግሮናል፤ በረጅሙ ዘንግ ምክንያት ትንሹ ሰው ትልቁን ከርቀት እንዴት እንደሚያዳክመው ያሳየናል። የግጥሚያው መዞሪያም ዘንጉ የሚሰበርበት ቅጽበት ነው። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ርቀቱ ጠፋ። ትዕይንቱ እውነት የሚመስለው ስለ እንጨቱ አስቀድሞ ስለተነገረን ነው።

ከሁሉ የምወደው የጃፓናዊቷ የናሆኮ ኡኤሃሺ ሥራ ነው። በ1996 የታተመው የሞሪቢቶ ልብ ወለድ ጀግና ባልሳ ሠላሳ ዓመት የሞላት፣ በጦሯ ሰው እየጠበቀች የምትኖር ሴት ናት። ኡኤሃሺ በ2014 የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ሽልማትን ተቀብላለች። ከዚሁ ልብ ወለድ በ2007 የተሠራው አኒሜሽን አንድ ሙሉ ክፍል ለአንጥረኛው ይሰጣል፤ ባልሳ የተጎዳ ጦሯን ይዛ ትመጣለች፣ አንጥረኛውም ለማን እንደሚሠራ ሳያውቅ መዶሻ ማንሣት አይፈልግም። በፋንታሲ ፊልም ውስጥ መሣሪያ ሠሪው ስለ ሥራው ተጠያቂ ሆኖ ሲያስብ ማየት ብርቅ ነው።

በአማርኛ ፋንታሲ መጻፍ የጀመሩ ወጣቶች አሉ፤ ለነሱ አንድ ልመና አለኝ። ለጀግናችሁ ጦር ስትሰጡት ዛፉን ስጡት። ማን ቆረጠው፣ ስንት ወር ጥላ ውስጥ ደረቀ፣ ማን ወናፍ ነፋ፣ የባለ እጁ ስም ማን ነበር? ይህን ካወቃችሁ ውጊያው ራሱ ይጻፍላችኋል።

ለሌላው አንባቢም ሌላ ልመና አለኝ። የአያት ጦር በቤታችሁ ካለ ብረቱን ነቅላችሁ ዘንጉን አትጣሉ፤ አዲስ ዘንግም አትቀይሩለት፤ ቫርኒሽ አትቀቡት። እጅ ያለሰለሰው ቦታ የተያዘበትን ሚዛን ይናገራልና በአሸዋ ወረቀት አትፈግፍጉት። ከእርጥብ ወለልና ከምስጥ አርቃችሁ፣ ሁለት ቦታ ደግፋችሁ አጋድሙት። በቤቱ ያሉትን ሽማግሌዎች ደግሞ ዘንጉ ከምን ዛፍ እንደሆነና ብረቱን ማን እንደሠራው ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁንም በወረቀት ጽፋችሁ ከጦሩ ጋር አኑሩት።